በሽታ ሰፈር ይመርጣል

(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ከከተማ መራጮች ጋር በተደረገ የውይይት መድረክ ላይ ያሰሙት ንግግር)



 እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የጤና ፖሊሲያችን ነው። ከመነሻው አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ሕግ ነው፤ ዕድሜዬንም የጨረስኩት በፍርድ ቤት ደጃፍና በመዝገብ መካከል ነው። የመድኃኒት ስም ልትጠይቁኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይሁን እንጂ ጤናን ለሐኪምና ለሆስፒታል ብቻ የተተወ ጉዳይ አድርጎ ማየት በአገራችን ብዙ ሕይወት ያስቀጠፈ አመለካከት በመሆኑ፣ የሕግ ሰው ስለ ጤና ቢናገር ድፍረት አይሆንብኝም።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ «ሞት አያዳላም» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት መልካም ቃል ነው። በስንት ዓመታችንና በምን ምክንያት እንደምንሞት ግን በእጅጉ ያዳላል። በሽታ ሰፈር ይመርጣል፣ ደመወዝ ይጠይቃል፣ የእናትን የትምህርት ደረጃ ያያል። የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ሰፋ አድርጌ ላቅርብ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚያክም ማዕከል አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአገር ውስጥም ከውጭም ርዳታ አሰባስቦ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ነው። ለዚህ ማዕከል በሞባይል መልእክት ገንዘብ የላካችሁ፣ ሩጫ የሮጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ተራ ከሚጠብቁት ልጆች ከፊሎቹ ከነችግሩ የተወለዱ ናቸው። ሌሎቹ ግን ጤነኛ ልብ ይዘው ተወልደው በኋላ «ሩማቲክ» በሚባለው የልብ ሕመም የተያዙ ናቸው። እኔ የማተኩረው በእነዚህኞቹ ላይ ነው።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የዚህ በሽታ መነሻ እኛ ቶንሲል የምንለው የጉሮሮ ሕመም ነው። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። ስድስትና ሰባት ሰው በአንዲት ክፍል በሚያድርበት ቤት አንዱ ሲያገግም ሌላው ይተኛል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ዞሮ ይመለሳል። በጊዜው ከታከመ በፔኒሲሊን ይድናል። ካልታከመና ከተደጋገመ ግን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያሰለፈው ኃይል ዞሮ የገዛ ልቡን ቫልቭ ይጎዳል። ይህ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ መጫወት ያቅተዋል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ያብጣል።

እስቲ ወደ ኋላ ተመልሰን እንየው። ልጁ ጉሮሮውን ያመመው ዕለት እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ ያልወሰደችው ስላልወደደችው አይደለም። ጉሊት ካልተቀመጠች ማታ የሚበላ የለም። ሰልፉ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ታውቃለች። የጉሮሮ ሕመም ልብ ሊያበላሽ እንደሚችል የነገራት ሰው የለም። ዝንጅብል አፍልታ፣ ማር ጨምራ አጠጣችው፤ ትኩሳቱ በረደ። ቤቱ አንድ ክፍል የሆነው ደግሞ በእሷ ምርጫ አይደለም። አሥር ዓመት ቆይቶ ሆስፒታል የደረሰው ልጅ በካርዱ ላይ የሚጻፍለት የቫልቭ መጥበብ የሚል ነው። የሕግ ሰው ነኝና ልማዴ ሆኖ ተከሳሹ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካርዱ ላይ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ እናትየው የቀን ገቢ፣ ስለ ሰልፉ ርዝመት አንድም ቃል የለም።

ይህ በሽታ በአንድ ወቅት በአውሮፓና በአሜሪካ ትላልቅ ከተሞችም የድሃ ልጆች በሽታ ነበር። በእነዚያ አገሮች መቀነስ የጀመረው ገና ፔኒሲሊን በገበያ ላይ ሳይውል ነው፤ የሠራተኛው ቤት እየሰፋ፣ ምግቡ እየተሻሻለ ሲሄድ ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው የነቀርሳ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር በነቀርሳ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከዚያ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲወርድ ቆይቷል። መድኃኒት አያስፈልግም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ልጆቻችን ፔኒሲሊንም ቤትም ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ጥቂት ቁጥሮች። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት የዞሩት እኅቶቻችንም ጭምር፣ ለዚህ ውጤት ድርሻ አላቸው። የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ስለሆንኩ ብቻ ይህን ብክድ ነገ ሌላውን ስናገር ማንም አያምነኝም።

ነገር ግን ያው የ2008 ጥናት ሌላም ይናገራል። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት የሌላቸው ነበሩ። ሕዝቡን በሀብት አምስት ቦታ ብንከፍለው በመጨረሻው ድሃ ክፍል 45ቱ፣ በላይኛው ክፍል ደግሞ 26ቱ ቀንጭረዋል። እናታቸው ምንም ካልተማረች 42ቱ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማረች 17ቱ ብቻ። ይህ የገጠር ችግር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በከተማም ከአራት ሕፃናት አንዱ የቀነጨረ ነበር። ደግሞም ልብ በሉ፣ ጉዳዩ ድሃና ሀብታም ተብሎ በሁለት የሚከፈል አይደለም። እንደ መሰላል ነው። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ያለው ሰው ከበላዩ ካለው የከፋ፣ ከበታቹ ካለው የተሻለ ጤና አለው። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

መሰላሉን በዓይናችሁ ለማየት ጥናት ማገላበጥ አያስፈልጋችሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጣሪያው ላይ ሮቶ የሰቀለው ቤት ፈረቃ መኖሩንም ይረሳዋል። ቆጣሪ ያለው፣ ሮቶ የሌለው ሌሊት ተነስቶ ባልዲ ይሞላል። ቆጣሪም የሌላት እናት ደግሞ በጀሪካን ትገዛለች፤ በሊትር አስልታችሁ ብታዩት ለአንዱ ውሃ ከሁሉም የበለጠ የምትከፍለው እሷ ናት። ውድ ውሃ ደግሞ ለወጥና ለመጠጥ እንጂ ለእጅ መታጠቢያ አይተርፍም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ የሚል ማስታወቂያ በየሬዲዮኑ ተነገረ። ምክሩ ትክክል ነበር። ሽንት ቤቱን ለብዙ አባወራ በጋራ ለሚጠቀም ግቢ ግን ከምክሩ ጋር ውሃውም መድረስ ነበረበት።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ «ቆሼ» የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከቆሻሻ ክምር ሥር ቤት የሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ዘመዶቻቸው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

እዚህ የተቀመጣችሁ የመንግሥት ሠራተኞች «እኛ እንኳ ቆሼ አንኖርም፣ ደመወዝም አለን፣ ይህ ነገር አይነካንም» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ወደ መሰላሉ እመለሳለሁ ያልኩት ለእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ከ17,000 በላይ ወንዶች ተመዝግበው ለብዙ ዓመታት የጤናቸው ሁኔታ ሲጠና ቆየ። ኋላ በዓለም የታወቁት ማይክል ማርሞት የተባሉ ሐኪም ከአጥኚዎቹ አንዱ ናቸው። ከሠራተኞቹ መካከል ጫማ የሌለው የለም፤ ጦሙን የሚያድር የለም፤ ሕክምናውም ለሁሉም በነፃ ነው። ሆኖም በአሥር ዓመት ውስጥ ከዝቅተኛው እርከን ያሉት፣ ማለትም እንደ ተላላኪ ያሉት ሠራተኞች፣ በከፍተኛው እርከን ካሉት ባለሥልጣኖች ጋር ሲነጻጸሩ ሦስት እጥፍ የሞት መጠን ታየባቸው። በመካከል ያሉት ጸሐፊዎችና ባለሙያዎችም እንደየእርከናቸው በመካከል ተገኙ። ሲጋራ ማጨስና የመሳሰለው ልዩነቱን በከፊል ቢያስረዳ እንጂ ሁሉንም አላስረዳም።

እንግዲህ ሆዱ ያልጎደለ ሰው ለምን በማዕረጉ ልክ ይሞታል? እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሴቶችም ተጨምረውበት የተካሄደው ሁለተኛው ጥናት አንድ መልስ ሰጥቷል። በሥራው ላይ ምንም የመወሰን መብት የሌለው፣ ሲታዘዝ ብቻ የሚውል ሠራተኛ ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። እኛ ይህን በራሳችን ቋንቋ ስናውቀው ኖረናል። «ጨጓራዬን ላጠው»፣ «ደሜን አፈላው» የምንለው ስለ አለቃችን አይደለም እንዴ? በዕድገት ሲዘለል የኖረ፣ ያለ ጥፋቱ የተዛወረ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ፊት እጁን አጣጥፎ የቆመ ሰው ንዴቱን ውጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተዋጠው ንዴት የት እንደሚሄድ የሚያውቀው የደም ግፊት መለኪያው ነው። ክብር ማጣት በሰው ሥጋ ላይ ይጻፋል ብል የተጋነነ አይመስለኝም። መልካም አስተዳደር እያልን ዘወትር የምንጮኽለት ጉዳይ የጤና ጉዳይም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጥብቅና በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ የቀን ሠራተኛ በክራንች እየተደገፈ ቢሮዬ መጣ። ፎቅ ሲሠራ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። አሠሪው ሥራ ተቋራጭ በመጀመሪያው ቀን ለሕክምና ጥቂት ብር ሰጥቶት፣ በሁለተኛው ሳምንት «ይህን ሰው አላውቀውም» አለ። የጽሑፍ ውል የለም። ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ይህን ለዳኛው ማስረዳት አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ምስክር ማግኘት ነበር። አብረውት ሲሚንቶ ሲያቦኩ የነበሩት ልጆች ቢመሰክሩ በማግስቱ ከሥራ እንደሚባረሩ ያውቃሉ። በመጨረሻ አንድ ሰው ተገኘና ረታን። ፍርዱ የተሰጠው ግን ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጭኑ ተጣሞ ገጥሟል፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጁም ትምህርቱን ትቶ ወያላ ሆኗል። ያን መዝገብ ዘግቼ ስወጣ እንዳሸነፍኩ አልተሰማኝም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ፣ ለሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ቦታው እንዲጠበቅለት ያዛል። ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደመወዟ ይፈቅዳል። መልካም ሕግ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ እላለሁ። ግን ለማን? በየበራችን የምትላላከው፣ ልጆቻችንን የምታሳድገው፣ እሳትና ጭስ ላይ የምትውለው የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ውስጥ የለችም። አዋጁ ትርፍ ለማይገኝበት የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ለይቶ አውጥቶ ጉዳዩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏል። ስለዚህ ስትታመም የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወይ አሠሪዋ ደግ ሆና ታሳክማታለች፣ ወይም ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች። የሕክምና መብቷ በእመቤቷ ጠባይ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን ቤት ሠራተኛ እንዳለን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጣቴን የምቀስረው ወደ መንግሥት ብቻ አይደለም።

ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ስንት የኑሮ ውድነት እንደወረደብን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ወለሉ ሳይነገር ዓመታት ነጎዱ። ለደመወዝተኞች የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ም እንዲሁ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል የኖረ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና ኋላ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተሻለ ሄዷል። ነገር ግን መዋጮውን ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ሐኪም አይቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ለተባለ ሰው መድን ማለት ወረቀት ነው።

ምንም ሊለወጥ አይችልም የሚል ተስፋ መቁረጥ እንዳይዘን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ በየሳምንቱ ስንት ወጣት እንቀብር እንደነበር የእኔ ዕድሜ እኩዮች አንረሳውም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋን የቀብር ቦታዎች መዝገብ ይከታተሉ ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት አስቀድሞ በክፍያ ብቻ ይገኝ ነበርና በሕይወት የሚሰነብተው መክፈል የቻለው ነበር። በ1997 ዓ.ም. በውጭ ርዳታ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከቀብር ቦታዎቹ መዝገብ የተገኘው መረጃ ራሱ ተቀየረ፤ በኤድስ የሚሞተው ሰው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ አሽቆለቆለ። መድኃኒቱ ያው ነበር። የተለወጠው ዋጋው ነው።

የፓርቲያችን አቋም ከዚህ የሚነሳ ነው። የጤና ፖሊሲ የጤና ሚኒስቴር ሥራ ብቻ ሆኖ መቆየት የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው የሚጨምር ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ጤናን ከንጹሕ ውሃ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከምግብ ጋር በአንድነት ዘርዝሯል። ሕገ መንግሥት አርቃቂዎቹ ከብዙ ባለሥልጣኖቻችን በፊት ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። እርግጥ የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የሚል ገደብ አስቀምጠዋል፤ ባለሥልጣን ሁሉ የሚያመልጠው በዚያች ቀዳዳ ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የቤት ሠራተኞችን ደንብ ማውጣት የወረቀትና የፊርማ ጉዳይ ነው። የደመወዝ ቦርዱም ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የጤና መድን ለከፈለ ሰው መድኃኒት ማቅረብና በየሰፈሩ የጋራ ሽንት ቤትና የውሃ ቦኖ መሥራት ግን ገንዘብ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ የምንጠይቀው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዶች ሰፍተዋል፣ መብራትና አበባም ተተክሏል፤ ያማረውን አላማረም አልልም። ከፒያሳና ከአካባቢው ከተነሱት ወገኖች የተሻለ ቤት ያገኙ እንዳሉም አምናለሁ። ግን ጉሊቷን፣ ደንበኛዋን፣ ሲጨንቃት የሚደርስላትን ዕድሯን ከኋላዋ ጥላ ለሄደች እናት አዲሱ ቤት ብቻውን ጤና አይሆናትም። ስለዚህ በማንኛውም ከተማ ሰው ከሰፈሩ ከመነሳቱ በፊት መተዳደሪያውና ጤናው ምን እንደሚሆን ተጠንቶ ለነዋሪው በግልጽ እንዲነገረው እንጠይቃለን። በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ስንት ሰው፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደሞተ በየዓመቱ እንዲታተምም እንጠይቃለን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስላለ የሚያስፈልገው ሥራውን ማጠናከርና ቁጥሩን ለሕዝብ መግለጽ ነው። ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች በዕድሜ ተበላልጠው ሲገኙ ያን ጊዜ ምክር ቤት ውስጥ የሚመልስ ሰው ይገኛል።

የእኛም ሆነ የሌላ ፓርቲ ዕጩ በራችሁን ሲያንኳኳ ሆስፒታል እሠራለሁ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ አመስግኑት። ከዚያ ግን የሠፈራችሁን ሽንት ቤት አሳዩትና ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት ንገሩት። የቤት ሠራተኛው ስትታመም ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። የእኛ ዕጩ አፉ ከተሳሰረ ስሙን ይዛችሁ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ኑ።

ብዙ ተናገርኩ፤ ሰዓቱም ሄዷል። ከኋላ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱት እናት እጃቸውን ካነሱ ቆይተዋል። ድምፅ ማጉያውን አድርሱላቸው።